አንድ ሃርድ ዲስክ ለብዙ መሣሪያ
(በራዲዮ የተሰማ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት በመልኩ ትንሽ፥ በተሸከመው ነገር ግን እጅግ ከባድ ስለ ሆነ ዕቃ ነው። ይኸውም በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከማኅተሙ አጠገብ ተቀምጦ የምናየው፥ አንዳንድ ጊዜም በኪሳችን ይዘነው የምንሄደው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። የደመወዝ መክፈያው፥ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ዝርዝር፥ የዓመቱ ሪፖርት፥ የልጆቻችን ፎቶግራፍ ሳይቀር በዚህ ዕቃ ውስጥ ይኖራል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ዕቃውን ገዝተን ሰክተን ከመጠቀም በቀር ውስጡ እንዴት እንደ ተዘጋጀ ጠይቀን አናውቅም። ስለዚህም በቢሮው ኮምፒዩተር ያለ ችግር የተከፈተው ዲስክ በባልንጀራችን ማክ ላይ አልጻፍም ሲል፥ በቤታችን ቴሌቪዥንም ጨርሶ አልታይም ሲል ጥፋቱን በዕቃው ላይ እናላክካለን።

ጉዳዩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዝግጅት ድምፅ ለመቅዳት ወደ ሰሜን ወሎ ወርጄ ነበር። ከወልድያ ተነሥቼ በደሴ መንገድ ሲሪንቃን አልፌ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከመርሳ ደረስሁ። በዚያም አንዲት አረጋዊት እናት በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ቤተሰባቸውን ይዘው እንዴት እንደ ወጡ፥ ማንን በመንገድ እንደ ቀበሩና ማን እንዳበላቸው ከአንድ ሰዓት በላይ አጫወቱኝ። ስነሣም «ልጄ፥ ይህን ለሚመጣው ሰው አስቀምጥልኝ» አሉኝ። እኔም «አይጥፉ እማማ፤ አስቀምጣለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላቸው።

ወልድያ ስመለስ አንድ ወዳጄ የተቀዳውን ድምፅ በማክ ኮምፒዩተሩ አማካይነት ወደ አንድ ዲስክ ገለበጠልኝ፤ እኔም የመቅጃውን ሆድ ለሌላ ሥራ ባዶ አደረግሁት። አዲስ አበባ ገብቼ ዲስኩን በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ስሰካው «ይህን ዲስክ ለመጠቀም አስቀድሞ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይደረግን?» የሚል ጥያቄ መጣ። ቸኵዬ ነበርና የተጠየቅሁትን ሳልመረምር ይደረግ አልሁ። ዲስኩ ባዶ ሆኖ ተከፈተ። ምን እንዳደረግሁም ገና ሳይገባኝ ሌሎች ዝግጅቶችን በላዩ ገለበጥሁበት። ከስምንት ወር በኋላ ታሪኩን እንደ ገና ለመቅዳት ወደ መርሳ ብመለስ እኒያ እናት ዐርፈው ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ተረት በእኔ ላይ ተፈጸመ።

እንግዲህ አድማጮች ሆይ፤ ያ ዲስክ የተበላሸ አልነበረም። ሲጠይቀኝም አላታለለኝም። እኔ ብቻ ቋንቋውን አላወቅሁም ነበር።

አሁን ወደ ዕቃው ጠባይ እንግባ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ለገበያ ሲያቀርብ መሣሪያው 50 ሰፋፊ ሳሕኖች ነበሩት፤ ክብደቱም ወደ አንድ ቶን ይጠጋ ነበር፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚገባው ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ከዚያ 200,000 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ይይዛል። እንዲህ ያለ ስፋት ያለ መዝገብና ያለ ሥርዓት ቢተው አንዲት ደብዳቤ ፈልጎ ማግኘት ባልተቻለም ነበር።

በመሥሪያ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የመዝገብ ቤቱን ሥራ ማሰብ ይበቃዋል። በመዝገብ ቤት መደርደሪያ አለ፤ በመደርደሪያው ላይ ፋይል አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያመለክት መዝገብ አለ። ፎርማት ማድረግ ማለት ይህን መዝገብ አዲስ አድርጎ ማቋቋም ማለት ነው። በሃርድ ዲስክ ላይ «ፈጣን» የሚባለው ፎርማት የቀድሞውን መዝገብ ሽሮ ባዶ መዝገብ ያወጣል እንጂ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ወዲያው አያቃጥልም። ወረቀቶቹ የሚጠፉት ሌላ ጽሑፍ በላያቸው ሲጻፍባቸው ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ በስሕተት ፎርማት ያደረገ ሰው ወዲያው እጁን ቢሰበስብና አንዲት ፋይል እንኳ ሳይጨምር ዲስኩን ነቅሎ ለባለሙያ ቢሰጥ ብዙው ሊድን ይችላል፤ እኔን የጎዳኝ ከፎርማቱ ይልቅ በላዩ የገለበጥሁት ነበር። ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው ዓይነት ላይ ግን የማዳኑ ተስፋ እጅግ የጠበበ ነው። ሁለተኛው፥ ያረጀ ዲስክ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወይም ሲሸጥ ፈጣኑ ፎርማት የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር አይሸፍንም። በዊንዶውስ ላይ «ፈጣን» የሚለውን ምልክት አንሥቶ ሙሉውን ፎርማት ቢያደርጉ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ በዜሮ ይሸፍነዋል፤ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፥ ቢሆንም የደመወዝና የሠራተኛ ማኅደር ለማያውቁት ሰው ከማስረከብ ይሻላል።

መዝገቡ የሚጻፍበት ሥርዓት ከአንድ በላይ ነው፤ የመሣሪያዎቹ አለመግባባትም የሚመጣው ከዚህ ነው። በአገራችን በብዛት የሚያጋጥሙን አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ፋት 32 ነው። ይህ ሽማግሌ ሥርዓት ነው፤ ኮምፒዩተሩም፥ ቴሌቪዥኑም፥ የመኪናው ቴፕም፥ የፎቶ ኮፒ መሣሪያውም አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል። ነገር ግን አንዱ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይቀበለውም። ዲስኩ ባዶ ሆኖ ሳለ ረጅም የቪዲዮ ፊልም «ቦታ የለም» ወይም «ፋይሉ ትልቅ ነው» ተብሎ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ከዊንዶውስ ኤን ቲ ጋር የወጣ ሲሆን የዊንዶውስ ዋና ሥርዓት ነው። የጀመረውን ሥራ አስቀድሞ በማስታወሻ ስለሚይዝ መብራት በድንገት ቢጠፋ መዝገቡን መልሶ ለማቃናት ይችላል። መብራቱ በሚመላለስበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ጉድለቱ ማክ ኮምፒዩተር ሌላ ፕሮግራም ካልተጨመረለት ያነበዋል እንጂ ሊጽፍበት አለመቻሉ ነው።

ሦስተኛው ኤክስ ፋት ነው። በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማይክሮሶፍት ያወጣው ሲሆን ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፥ ይጽፉበታልም፤ አዲሱ ሊኑክስና ብዙ አዳዲስ ስልኮችና ቴሌቪዥኖችም ያውቁታል። የ4 ጊጋባይት ወሰን የለበትም። ሆኖም እንደ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ያለ የሥራ ማስታወሻ ስለሌለው ፋይል እየተጻፈ ሳለ ቢነቀል መዝገቡ በቀላሉ ይናጋል። ደግሞም ዊንዶውስ በትልቅ ዲስክ ላይ ሲያዘጋጀው መደርደሪያውን በ128 ኪሎባይት ሰፋፊ ቦታ ይከፍለዋልና የ20 ኪሎባይት ደብዳቤም ቢሆን ሙሉውን አንድ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። አሥር ሺሕ ትናንሽ ደብዳቤ ያለው መዝገብ ቤት ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

አራተኛው ኤ ፒ ኤፍ ኤስ የተባለው የአፕል ሥርዓት ነው፤ ከ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የማክ ዋና ሥርዓት ሆኗል። ዊንዶውስ ይህንንም፥ ከዚህ በፊት የነበረውንም የማክ ሥርዓት በራሱ አያነብም። እኔን «ፎርማት ይደረግን?» ብሎ የጠየቀኝ በዚህ ምክንያት ነበር። ኮምፒዩተሩ ዲስኩ ባዶ ነው ማለቱ አልነበረም፤ «ቋንቋውን አላወቅሁትም» ማለቱ ነበር። ስለዚህ አድማጮች ሆይ፤ ይህ ጥያቄ በመጣ ጊዜ መልሱ ሁልጊዜ «አይሆንም» ይሁን፤ ዲስኩ ከየት እንደ መጣና በምን እንደ ተዘጋጀ ባለቤቱን ሳትጠይቁ እጃችሁን አታንሡ።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ መከፋፈል እንናገር። የሀብሩ ገበሬ እህሉን ሲያስገባ ጤፉን ከማሽላው ጋር በአንድ ጎታ አይቀላቅልም፤ ለዘር የሚሆነውንም ለብቻው ያኖራል። ፓርቲሽን የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ዲስክ እንደ ብዙ ጎታ አድርጎ እያንዳንዱን ክፍል ለሚገባበት ነገርና ለሚከፍተው መሣሪያ በሚስማማ ሥርዓት ማዘጋጀት ነው።

የክፍሎቹን ድንበር የሚይዘው ደብተርም ሁለት ዓይነት ነው። ኤም ቢ አር የተባለው አሮጌው እስከ 2 ቴራባይት ድረስ ላለ ዲስክና ለአራት ዋና ክፍሎች ይበቃል። ጂ ፒ ቲ የተባለው አዲሱ ከዚህ ለሚበልጥ ስፋት የግድ ነው፤ በዊንዶውስም እስከ 128 ክፍል ይፈቅዳል። አሮጌ ቴሌቪዥኖች ጂ ፒ ቲን ላያውቁት ስለሚችሉ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ለቴሌቪዥንም ጭምር የሚፈልግ ሰው ኤም ቢ አርን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ምሳሌ ልስጥ። በመርሳ የሚሠራ አንድ ሹም ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ገዛ እንበል። መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ብቻ ብሎ ማሳየቱ ነው። ሻጩ አላጭበረበረውም፤ ፋብሪካው በ1,000 እያባዛ ሲቈጥር ዊንዶውስ በ1,024 እያባዛ ስለሚቈጥር ነው። ይህ ሹም በቢሮው በዊንዶውስ ይሠራል፤ ሪፖርቱን ወደ ወልድያ ሲያደርስ የሚቀበለው ባልደረባው ማክ አለው፤ በቤቱም ልጆቹ በቴሌቪዥን ፊልም ያያሉ። ለእንዲህ ያለ ሰው ሦስት ክፍል ይበቃዋል። አንደኛው 30 ጊጋባይት በፋት 32 ለቴሌቪዥንና ለፎቶ ኮፒ መሣሪያ፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን የሚያየው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ስለ ሆነ ይህ በፊት ይቀመጥ። ሁለተኛው 400 ጊጋባይት በኤክስ ፋት ለመለዋወጫ። ሦስተኛው የቀረው 501 ጊጋባይት ያህል በኤን ቲ ኤፍ ኤስ ለቋሚ ማኅደር።

አሠራሩ ይህ ነው። በመጀመሪያ በዲስኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ከተገለበጠውም ጥቂቱን ከፍታችሁ መነበቡን አረጋግጡ። ክፍል ሲሠረዝ በውስጡ ያለው ይሄዳልና ይህን ሳያደርጉ ወደሚቀጥለው ማለፍ አይገባም። ሁለተኛ፥ ሌላውን ፍላሽና ዲስክ ሁሉ ነቅላችሁ የምታዘጋጁትን ብቻ አስቀሩ። ሦስተኛ፥ በዊንዶውስ ላይ የጀምር ምልክቱን በቀኝ በኩል ተጭናችሁ ዲስክ ማኔጅመንት የሚለውን ክፈቱ። በዚያ የሚታየው ዲስክ 0 አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒዩተሩ የራሱ ነውና አትንኩት፤ የእናንተን በስፋቱ ለዩት፤ 931 የሚለውን ፈልጉ።

አራተኛ፥ በእርሱ ላይ ያሉትን አሮጌ ክፍሎች ሠርዙ፤ ደብተሩም ጂ ፒ ቲ ከሆነና ኤም ቢ አር ከፈለጋችሁ ባዶ ሳለ ለውጡት። አምስተኛ፥ አዲስ ክፍል የሚለውን መርጣችሁ ስፋቱን ጻፉ። ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀው በሜጋባይት ነው፤ ስለዚህ ለ30 ጊጋባይት 30,720፥ ለ400 ጊጋባይት 409,600 ይጻፋል፤ ለመጨረሻው የቀረውን ሁሉ ስጡት። ስድስተኛ፥ ሥርዓቱን ምረጡ፤ ለእያንዳንዱም እንደ «ቴሌቪዥን»፥ «መለዋወጫ»፥ «ማኅደር» ያለ ስም ስጡት። ስም የሌለው ጎታ ማን ምን እንዳስገባበት አይታወቅም። ማክ ያለው ሰው ይህንኑ ሥራ ዲስክ ዩቲሊቲ በሚባለው ፕሮግራም ይሠራዋል።

ስፋቱን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ በኤን ቲ ኤፍ ኤስ የተዘጋጀን ክፍል ሳያጠፋ ሊያሳንሰው ይችላል፤ ፋት 32ንና ኤክስ ፋትን ግን በራሱ አያሳንስም። ከዚህም ሌላ ክፍል ማብዛት ብልኀት አይደለም። ቴሌቪዥንም የማያስፈልገው፥ ምስጢራዊ ማኅደርም የሌለው ሰው ዲስኩን በሙሉ በአንድ ኤክስ ፋት ቢያዘጋጀው ከዚህ ሁሉ ድካም ይድናል።

ለመንግሥት ሠራተኛ ግን ሁለት ምክር ልጨምር። የመጀመሪያው፥ የደብዳቤ ቁጥር ስትጽፉ በፋይል ስም ላይ «12/2016» እያላችሁ እዝባር አትጠቀሙ፤ ዊንዶውስ አይቀበለውም፤ «12-2016» በሉት። የአማርኛ ስም ግን በነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ ይጻፋል፤ የኛን ፊደል ያልተሰጠው ቴሌቪዥን ብቻ አራት ማዕዘን ምልክት እያደረገ ያሳየዋል። ሁለተኛው፥ የሠራተኞች ጉዳይ ያለበትን ክፍል ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ ቍልፍ መቈለፍ ይቻላል፤ ለመቈለፍ ፕሮ የተባለው የዊንዶውስ ዓይነት ያስፈልጋል። ሲቈለፍ የሚሰጠውን ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ከዲስኩ በተለየ ቦታ አስቀምጡ፤ ቁጥሩና የይለፍ ቃሉ ከጠፉ ባለቤቱም እንደ እንግዳ ሰው ከደጅ ይቀራል። እንዲህ የተቈለፈውንም ማክ በራሱ አይከፍተውምና መለዋወጫውን ክፍል አትቈልፉት።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠውን ለመጨረሻ አስቀርቻለሁ። ዲስክን መከፋፈል ማባዛት አይደለም። ሦስቱ ክፍሎች በአንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ሳጥኑ ከወደቀ፥ ከተሰረቀ ወይም ከተቃጠለ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ። ገበሬው የዘሩን እህል ለብቻው ቢያኖር እንኳ ቤቱ በእሳት ከተያዘ ዘሩም አይተርፍም፤ የሚተርፈው በዘመድ ቤት ያስቀመጠው ነው።

ይህንንም የወልድያና የሀብሩ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። በጦርነቱ ምክንያት ወልድያ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በተያዘችበት ጊዜ የወልድያ ዩኒቨርሲቲና የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሳይቀሩ ተዘረፉ። ኮምፒዩተር የተዘረፈበት መሥሪያ ቤት በገንዘብ ሌላ ኮምፒዩተር ይገዛል፤ በውስጡ የነበረውን የብዙ ዓመት ሥራ ግን የሚሸጥ ነጋዴ የለም። ቅጂው ቀድሞ ከከተማው የወጣለት ሰው ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል፤ ያልወጣለት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ሰነድን በሞባይል ኢንተርኔት አድርጎ ሩቅ ማስቀመጥ አልተቻለም። ያን ጊዜ ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለው 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በኪስ በሚያዝ ዲስክ የሚያልፉት ሆነ።

ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይሁን። የማይተካ ነገር ሁሉ በሦስት ቅጂ ይኑር፤ ቅጂዎቹ በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ ብቻ አይሁኑ፤ አንደኛው ደግሞ ከሌሎቹ በራቀ ቦታ፥ ቢቻል በሌላ ከተማ ይቀመጥ። በወር አንድ ቀን ቅጂው ይታደስ፤ ሲታደስም ተከፍቶ ይታይ። ዲስኩንም ከኮምፒዩተሩ ስትለዩት አስቀድማችሁ «ልንቀልህ ነው» የሚለውን የደኅና መንቀያ ትእዛዝ ስጡት፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ከሰው ቤት እንደማይወጣ ሁሉ ከኮምፒዩተርም ሳይሰናበቱ መውጣት ጉዳት አለው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገራችን ሰው። ለዚህ ሁሉ የሚጠፋው ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ነው። እኔ ያን ከሰዓት በኋላ ስለ ነፈግሁ የመርሳዋን እናት ድምፅ ለሚመጣው ሰው ላስተላልፍ አልቻልሁም፤ ቃሌንም አልጠበቅሁም። እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ። ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ያን በጠረጴዛችሁ ላይ ያለውን ትንሽ ዕቃ አንሡና «በውስጥህ ያለው ሌላ ቦታ አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የለም» ከሆነ የዕለቱ የመጀመሪያ ሥራችሁ እርሱ ይሁን።